ንክሻ

ጥር ላይ ነው የደረስሁ፣ ቤቴን እየነዳሁ፤
ከኔብራስካ በረዶ ወደ አሪዞና አሸዋ ወረድሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ አዞርሁ፤
ዛሬ ከኋላዬ የሚንጫጫው ድስትና ማንኪያ ነው፣
ኩርባ በመጣ ቁጥር «ተቀመጡ!» እላቸዋለሁ።

ከኳርትዝሳይት ወዲያ፣ ጠጠሩ ሜዳ ላይ፣
ጎረቤቴ ቁልቋል፣ የቁልቋሉ ሰማይ።
ቀን ጣሪያዬ ላይ ፀሐይ ትታለባለች፣
ማታ አምፖሌ ውስጥ ትንሽ ትቆያለች።
ውሃ በጣሳ ነው፤ ሰሃን ያጠብሁበት
እግሬን ያስታጥበኛል።
ቀበሮ ሲያላዝን እንቅልፌን እተኛለሁ፤
የመኪና መብራት ሲቃረብ ነው የምነቃው።

ሐሙስ ሐሙስ ግን ድንበር እሻገራለሁ።
ቤቴን ከወዲህ ማዶ፣ በቀን ኪራይ አቁሜ፣
በእግሬ እገባለሁ፣ መንጋጋዬን ታምሜ።
ሎስ አልጎዶኔስ፦
ከዳቦ ቤት ይልቅ ጥርስ ሐኪም የበዛባት፣
«መነጽር! ክኒን! ጥርስ በግማሽ ዋጋ!» የሚጮህባት፣
ሽማግሌ ሁሉ ጉንጩን ደግፎ የሚዞርባት።

ጥርስ ሠሪው ሬፉጂዮ ጓሮ ነው ክፍሉ፤
የሰው ድድ በጀሶ፣ ግድግዳው በሙሉ፣
ባለቤት የሌላቸው ሳቆች ተደርድረው።
ለእኔ አንድ የወርቅ ጥርስ አበጀና ተከለልኝ ሐኪሙ።
በሦስተኛው ሐሙስ ሬፉጂዮ ተከተለኝ፣ በር ድረስ፦
«ሴኞራ፣ መንገድሽ በሶመርተን ያልፋል?»

የማያውቁትን ሰው ጥቅል በድንበር ማሻገር
ሞኝነት መሆኑን አጥቼው አልነበር።
ገለጥሁት። የላይኛው ጥርስ፣ ሙሉውን።
ነጭ አይደለም፤ ጢስ የነካው ይመስላል፣
አንዱም በጎረቤቱ ላይ ጋደል ብሏል፣ ሆን ተብሎ።
«የሚስቴ የኤውላሊያ ነው» አለ።
«ከአጥሩ ወዲያ ሰላጣ ትለቅማለች። አሥራ አንድ ዓመት።
እኔ አልገባም፤ እሷ ከወጣች አትመለስም።
ጥርሴ አለቀ አላለችኝም፤ በስልክ ስትስቅ ሰማሁ፣
ነፋስ ገብቶበታል።»
«ልኳንስ በምን ወሰድህ?»
በጣም ነውር ነገር የጠየቅሁት ይመስል፣ ወለሉን አየ።

ኬላው ላይ ወጣቱ፦ «የምታስመዘግቢው?»
«ጥርስ።»
«የት አለ?»
አፌን ከፈትሁለት። ወርቄን አይቶ ሳቀ፤ አለፍሁ።
አልዋሸሁም። ሁሉንም ደግሞ አልተናገርሁም።

ኤውላሊያ ከነቦቲዋ መጣች፣ ጭቃው ጉልበቷ ድረስ፣
እጇ ቅጠል ቅጠል ይላል።
ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ አጠለቀችው።
ስትዞር አፏ አልገጠም።
አንድ ነገር ተናገረች፤ ቃሉ ከጥርሱ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ።
አውልቃ በመዳፏ ይዛ፣ ጋደል ያለውን በጣቷ ነካካችው፣
እንደ ድሮ ጎረቤት።
«ይኼ የዚያን ጊዜዋ አፍ ነው» አለች።
ድድ ይሟሟል ለካ፣ ቀስ በቀስ፣ እንደ ሳሙና።

ሬፉጂዮ ግን ለምናልባት ብሎ፣ ከጥቅሉ ሥር
ቀይ ሰም አኑሮ ነበር።
ምድጃ ላይ አለሰለሰችው። ነከሰች።
ዓይኗን ጨፍና፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች፤
እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

እንግዲህ ወርቁ በአፌ ነው፣ ሰሙ በፍሪጄ።
ወተቱን አውጥቼ በቦታው አኖርሁት፣
በረሃው እንዳያቀልጠው።
የጣሪያዬን ኃይል ለእሱ ብቻ ትቼ
ሦስት ሌሊት በጨለማ አመሸሁ፣
የፍሪጁን ማጉረምረም እየሰማሁ።

ሐሙስ ማለዳ ወደ ደቡብ ስነዳ፣
ድስቱ ተንጫጫ፣ ማንኪያው ተንጫጫ።
«ተቀመጡ» አላልሁም።
ኩርባው ሲደርስ
እግሬን ከነዳጁ አነሣሁና
ቀስ ብዬ ዞርሁ።